ተራው የማ ጋሌቦዌ ነው

በመንደራችን ታንኳ ማሰሪያ አንድ ትልቅ ሾላ አለ። ግንዱ ላይ ሰሌዳ ተመትቷል፤ ሰሌዳው ላይ አርባ አንድ ስም፣ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ አንድ ምስማር። ከምስማር ወደ ምስማር የሚዘዋወር አንድ የመዳብ ቀለበት አለን። አገር ጎብኚ እንግዳ ከማውን ከተማ ሲመጣ የሚጮህ የለም፣ እጅ የሚጎትት የለም። ቀለበቱ ማን ጋ እንደተንጠለጠለ ይታያል፣ የዚያ ሰው ታንኳ ይወጣል፣ ቀለበቱም ወደሚቀጥለው ስም ይሄዳል። እንደ ጨረቃ ነው፤ ደጅ መርጦ አያበራም።

ይህን ቀለበት ያመጡልን ማ ጋሌቦዌ ናቸው፤ በእኛ ቋንቋ “ማ” እናት፣ “ራ” አባት ነው። ሰሌዳው ሳይኖር፣ መኪና በቆመ ቁጥር ጉልበተኛውና ጥርሱ የሚያምረው ወጣት ቀድሞ ይደርስ ነበር። ሽማግሌውና ባል የሞተባት ሴት ዳር ቆመው የሌላው ታንኳ በሸምበቆው መሐል ሲጠፋ ያያሉ። የማ ጋሌቦዌ ባል ከጆሃንስበርግ የወርቅ ጉድጓድ አቧራውን በሳንባው ይዞ ተመለሰ፣ ሁለት ዓመትም አልቆየ። እሳቸው የታንኳውን መግፊያ ዘንግ አነሡ። ሴት ቆማ ታንኳ ስትገፋ አላየንም፣ አናይምም ያሉ ነበሩ። ዓመት ሙሉ አንድ እንግዳ ሳይደርሳቸው ሲቀር፣ አንድ ጠዋት ታንኳቸውን መውጫው አፍ ላይ አጋድመው ተቀመጡበት። ሦስት ቀን ማንም ወደ ውሃው አልወጣም። የማሽላ ገንፏቸውን እዚያው በሉ፣ እዚያው ዘፈኑ። በአራተኛው ቀን ወንዶቹ ሰሌዳ ጠረቡ። ቀለበቱ ባላቸው ከጉድጓዱ ይዞት የመጣው የቁልፍ መያዣ ነው ይባላል። ጠይቄያቸው አላውቅም።

እንግዲህ ዘንድሮ በሰኔ፣ እዚህ ጠብታ ሳይወርድ ከሩቅ አገር የዘነበው ውሃ በአሸዋው ላይ እየተሳበ በሚደርስበት ወር፣ ኦራቲሌ የምትባል ሴት ከዋና ከተማችን ከጋቦሮኔ መጣች። የአንድ ትልቅ የጉዞ ድርጅት ሠራተኛ ናት። የዱር እንስሳ ለማየት ከዓለም ዙሪያ የሚመጡት የድርጅቱ እንግዶች በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት የት እንደሚላኩ የምትመርጠው እሷ ናት። በእጇ ሦስት ቦታ ነበር፤ ዝሆን እንደ ከብት የሚግተለተልበት ቾቤ፣ ትንንሽ አውሮፕላን የሚያርፍባቸው የውስጠኛው ረግረግ ማረፊያዎች፣ ሦስተኛም እኛ። ከመረጠችን በየሳምንቱ እንግዳ ነው። ካልመረጠችን መንገድ የጣለውን መጠበቅ ነው።

ውሃው ላይ በምትወጣበት ቀን ዋዜማ ቀለበቱ የማ ጋሌቦዌ ምስማር ላይ ነበር።

የማኅበራችን ሊቀ መንበር ራ ሞሴኪ ወደ ግቢያቸው ሄዱ። እኔም ከኋላ ተከተልኩ፣ ሸሚዜን ተኩሼ። ለምን እንደተኮስኩት አውቅ ነበር፣ ስለዚህ ዓይኔን መሬት ላይ አደረግሁ። ማ ጋሌቦዌ ከዓሣ ጋር ሊቀቅሉት የውሃ አበባ ሥር ይልጡ ነበር። ቀና አላሉም።

“ማ ጋሌቦዌ፣ ወገብዎን እንደሚያምዎት ሰማሁ” አሉ ራ ሞሴኪ።

“ከማን ሰማህ? ወገቤ ከማንም ጋር አያወራም።”

ራ ሞሴኪ ተቀመጡና ብዙ ተናገሩ። ሴትየዋ ወጣት፣ እንግሊዝኛ የሚያቀላጥፍ፣ አንበሳ ያለበትን የሚያሸት ሰው ነው የምትፈልገው አሉ። ሌፎኮ የአስጎብኚነት የምስክር ወረቀት አለው አሉ፤ ሌፎኮ እኔ ነኝ። ለአንድ ቀን ብቻ፣ ለመንደሩ ሲባል፣ ተራዎን ይልቀቁለት አሉ። ማ ጋሌቦዌ ቢላዋቸውን አስቀምጠው ሸሚዜን አዩት።

“ሌፎኮ፣ ማን ተኮሰልህ?”

“ራሴ ነኝ፣ እማ።”

“ጥሩ ተኩሰሃል። አንተ ከእኔ ቀጥለህ ነህ፤ የሴትየዋን ሻንጣና ሾፌሯን ትይዛለህ።” ከዚያ ወደ ሊቀ መንበሩ ዞሩ። “ሞሴኪ፣ ዛሬ ቀለበቱን አርጅታለች ብለህ ከእኔ ካነሣኸው፣ ነገ ጆሮው አይሰማም ብለህ ከዲፌኮ ታነሣዋለህ። ከነገ ወዲያ ደግሞ ካንተ ያነሡታል፣ ሆድህ ታንኳ ያሰምጣልና።”

ከአጥሩ ወዲያ የቆሙ ሴቶች ሳቁ። ራ ሞሴኪ ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ።

በነጋታው ጸሐይ ሞቅ ሳትል ወጣን። ታንኳችን ዝቅተኛ ናት፤ የተቀመጠ ሰው ወገቡ ከውሃው እኩል ይሆናል፣ ዓለሙ ሁሉ ሸምበቆና ሰማይ ነው። ማ ጋሌቦዌ ከኋላ ቀጥ ብለው ቆመው ዘንጉን ሲያወርዱና ሲያነሡ ድምፅ አይሰማም፤ ከዘንጉ ጫፍ የምትንጠባጠበው ውሃ ብቻ ትዘፍናለች። ለኦራቲሌ ጥፍር የምታህል ነጭ እንቁራሪት ሸምበቆ ላይ አሳዩአት። ገና ልትከፈት ያለች የውሃ አበባ አሳዩአት፤ ቅጠል ላይ ጫጩቶቿን በክንፏ አቅፋ የምትራመድ ወፍም አሳዩአት። ኦራቲሌ ፈገግ አለች፣ ደብተሯ ላይ ግን ምንም አልጻፈችም። አንበሳው የት እንደሆነ ጠየቀች።

ሊነጋ ሲል ከዘንባባዎቹ ደሴት ሲያገሣ ሁላችንም ሰምተናል። ወደዚያ የሚወስድ ሁለት መንገድ አለ። አጭሩ በጥልቁ ኩሬ ያልፋል፤ ረጅሙ በሸምበቆው ውስጥ ከአንድ ሰዓት በላይ ይዞራል። በኩሬው ውስጥ ጉማሬ ይኖራል። እኛ ሌሎቻችን ጉማሬው ራቅ ብሎ ከታየን ዳር ዳሩን ይዘን፣ የታንኳውን ጎን እየመታን የምናልፍበት ጊዜ አለ። የማ ጋሌቦዌ ወገኖች ግን በጉማሬ ስም የሚጠሩ ናቸው። ሥጋውን አይበሉም፣ ቆዳውን አይነኩም፤ ሊያከብራቸው የፈለገ ሰው “ጉማሬዋ” ብሎ ሰላም ይላቸዋል። ማ ጋሌቦዌ ኩሬው አፍ ላይ ሲደርሱ ዘንጉን ተከሉ፣ ታንኳውን አቆሙ፣ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው የአባቶቻቸውን ውዳሴ አዜሙ።

ቀን ውሃ ለባሹ፣ ሣር ጋጩ በማታ፣
የአባቶቼ መጠሪያ፣ የዚህ ቤት ጌታ፣
ደጅህ ቆሜያለሁ በክብር በሰላምታ፣
ካልፈቀድህ ልዙር፣ አልጋፋህም ላፍታ።

ድምፃቸው ያረጀ ነው፤ ግን ዜማው ውሃው ላይ ሲሄድ ውሃው ራሱ የሚያዜም ይመስላል። በኩሬው መሐል ሁለት ጆሮ ብቅ አለ። ተርገበገበ። እዚያው ቆየ። ማ ጋሌቦዌ ዘንጉን ነቀሉና ታንኳውን አዞሩ።

“ለምን ዞርን?” አለች ኦራቲሌ።

“ቤቱ ነው። አልፈቀደም።”

“ማ፣ እኔ እኮ ከጋቦሮኔ የመጣሁት አንበሳ ለማየት ነው።”

“አንበሳው መምጣትሽን አልሰማም፣ ልጄ።”

ከዚያ ወደ እኔ ዞራ አንተ ማለፍ ትችላለህ ወይ አለችኝ፤ ከቻልኩም ወደ እኔ ታንኳ መሻገር እንደምትፈልግ ነገረችኝ። ማ ጋሌቦዌ እኔ አፌን ሳልከፍት መለሱላት፤ “እዚህ ውሃ ላይ ከታንኳ ታንኳ የሚዘል ሰው የለም። አዞው ቁርሱን አልበላም።” እሷ ተቀመጠች። እኔ ግን፣ ምን ልበላችሁ፣ የተኮስኩት ሸሚዝ ሰውነቴ ላይ ነበር። ሾፌሩን ይዤ በአጭሩ ገባሁ።

ዳር ዳሩን ይዤ፣ የታንኳውን ጎን እየመታሁ ሄድኩ። ሁለቱ ጆሮዎች ጠፉ። ወዲያው የአረፋ መስመር ከመሐል ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ወደ እኛ መጣ። ሾፌሩ ውሃው እንዴት ያምራል ይለኛል። አረፋው ሦስት ክንድ ሲቀረው ወደ ጎን ታጠፈ። ለምን እንደታጠፈ ዛሬም አላውቅም። አለፍን። ደሴቲቱ ላይ ሦስት እንስት አንበሶች ከግልገሎቻቸው ጋር ዘንባባ ሥር ተኝተው ነበር፣ አንዷ እያዛጋች። ሾፌሩ እየሳቀ በስልኩ ፎቶ አነሣ። እኔ ዞሬ ኩሬውን አይ ነበር።

የማ ጋሌቦዌ ታንኳ ሲደርስ አሸዋው ላይ የቀረው ዱካ ብቻ ነው። ሾፌሩ ምስኪን፣ ደስታውን መደበቅ አቅቶት፣ ስልኩን ለአለቃው ዘረጋላት። ኦራቲሌ ፎቶውን ረጅም ጊዜ አየች። ከዚያም ዱካውን። ማ ጋሌቦዌ ጎንበስ ብለው በጣታቸው ትልቁን ዱካ ለኩና “ይህቺ ግራ እግሯን ታነክሳለች፣ አምናም እንዲህ ነበረች” አሉ። የሰማቸው አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ሸንጎ ተጠራ። የመንደራችን ሹም ወንበራቸው ላይ፣ እኛ ዙሪያውን። ኦራቲሌ ተነሥታ በጨዋ ደንብ ተናገረች። ቦታችሁን ወድጄዋለሁ አለች፤ ግን እንግዶቻችን ያላቸው አራት ቀን ነው፣ በአራት ቀን ማየት አለባቸው። ልመርጣችሁ እችላለሁ፣ አንድ ነገር ካደረጋችሁ፤ እኛ የምንመርጣቸው ስድስት ወጣት ታንኳ ገፊዎች ብቻ ይውጡ፣ ቀለበቱ ከሾላው ይውረድ። አጭሩ መንገድ እንደሚታለፍ ሌፎኮ ምስክር ነው አለችና ተቀመጠች። ከስድስቱ አንዱ እኔ እንደሆንኩ ሁሉም ገብቶታል። እናቴ እንኳ ዞር ብላ አየችኝ።

ሹሙ ጠየቁኝ። “አልፈሃል?”

“አልፌያለሁ። አንበሳም አይቻለሁ” አልኩ። “ግን ጉማሬው መጥቶብን ነበር። ራሱ ነው የተመለሰው፣ እኔ አልመለስኩትም። ሾፌሩ ስላላወቀ ይስቅ ነበር። በየሳምንቱ በዚያ ሰው ይዘህ እለፍ ብትሉኝ አላልፍም።”

ራ ሞሴኪ መሬቱን በበትራቸው መጫር ጀመሩ። ማ ጋሌቦዌ ተነሡ። ሻሻቸውን አጠበቁ፣ ቀሚሳቸውን አስተካከሉ፣ አልቸኮሉም።

“ልጄ፣ ሦስት ቦታ ይዘሽ ልትመርጪ መጣሽ፤ ደህና። አንበሳ በሰዓቱ ቆጥሮ የሚያስረክብሽ ከፈለግሽ እዚህ የለም። ዝሆን ከፈለግሽ ቾቤ ሂጂ። እህቴ እዚያ ናት፣ ዝሆኑ ከጓሮዋ ጎመን ይበላል፤ ሰላም በይልኝ። እዚህ ሰውም እንስሳም በራሱ ተራ ነው የሚወጣው። ሌፎኮ ወጣት ነው ትያለሽ። ነው። ሃያ ዓመት ጠብቂው፣ እሱም ያረጃል፤ ያኔም ተራ እንዲኖረው ነው ይህ ቀለበት። መምረጥ ያንቺ ብቻ መስሎሻል፤ እኛም እንመርጣለን። ቀለበታችንን የሚያወርድ እንግዳ አንፈልግም።”

ተቀመጡ። ከንግግሩ አንድ ቃል ያልሰሙት ራ ዲፌኮ፣ የማ ጋሌቦዌን ፊት ብቻ አይተው፣ በትራቸውን አንሥተው “ፑላ!” አሉ። ዝናብ ይውረድ ማለት ነው፤ በሸንጎ ስንስማማ የምንለው። አንድ ሰው ሳቀና እሱም “ፑላ” አለ። ከዚያ ሴቶቹ፣ ከዚያ እኔ። ራ ሞሴኪ መጨረሻ ላይ፣ ለራሳቸው ብቻ በሚሰማ ድምፅ። ኦራቲሌ ደብተሯን ዘጋች፣ ሹሙን እጅ ነሥታ ሄደች። ቾቤን መረጠች።

ጥሩ ሆነልን አልልም። በሐምሌና በነሐሴ እንግዳ ሳሳ። ማሰሪያው ላይ ታንኳዎቹ እንደታሰሩ እርስ በርስ ሲጋጩ ይውላሉ፤ ያ ድምፅ ሰው ያስለቅሳል። ማ ጋሌቦዌን በሌሉበት የረገሙ ነበሩ፤ በፊታቸው ሰላምታ የነፈጉም ነበሩ። እሳቸው የውሃ አበባ ሥራቸውን ያለ ዓሣ ቀቅለው በሉ። አንድ ቀን ራ ሞሴኪ ቀለበቱ ዝገት ያዘ ብለው ሲያሾፉ፣ ማ ጋሌቦዌ በቀሚሳቸው ጫፍ ወለወሉትና “መዳብ ነው፣ አይዝግም። ቀስ አለ እንጂ አልቆመም” አሏቸው።

በመስከረም፣ ውሃው መሸሽ ሲጀምር፣ አንድ መኪና ሾላው ሥር ቆመ። ኦራቲሌ ወረደች። ደብተር አልያዘችም፤ እናቷን ይዛለች፣ ነጭ ጠጉራም አጭር ሴት። ማ ጋሌቦዌ ግንዱን ተደግፈው መረብ ይጠግኑ ነበር።

“ማ፣ የእረፍቴ ጊዜ ነው” አለች ኦራቲሌ። “እናቴን እርስዎ ቢወስዷት ብዬ ነበር። ስለ ዜማው ነግሬያት፣ እንቅልፍ ነሣችኝ።”

“ቀለበቱን አየሽው?”

ቀና ብላ አየች። ስሙን አነበበች። “ራ ዲፌኮ... የማይሰሙት ሽማግሌ?”

“ሰው አይሰማም። ውሃውን ግን ይሰማል።”

“ለእናቴ ሲባል እንኳ? አንድ ቀን ብቻ?”

ማ ጋሌቦዌ መረቡን ጭናቸው ላይ አሳረፉ። መንደሩ እንግዳ ካጣ አሥራ አንድ ቀን ሆኖታል፤ እኔ አውቃለሁ፣ ሁላችንም እናውቃለን። “የእኔ ከእሱ ሁለት ስም ወዲያ ነው” አሉ። “ትጠብቂያለሽ ወይም ትገቢያለሽ።”

ኦራቲሌ ምን እንደምትመልስ ስታስብ፣ እናቷ ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘው ውሃው ውስጥ ገብተው ነበር። ታንኳቸው አጠገብ የቆሙት ራ ዲፌኮ እጃቸውን ዘርግተው ደግፈው አስቀመጧቸው። ኦራቲሌ እናቷን አየች፣ ማ ጋሌቦዌን አየች፣ ከዚያ እሷም ጫማዋን አወለቀች።

ታንኳው ከዳር ሲላቀቅ ማ ጋሌቦዌ ከተቀመጡበት ውዳሴውን አነሡላቸው፣ እስከ ሸምበቆው ድረስ የሚደርስ አድርገው። ራ ዲፌኮ አልሰሙም። ግን የአሮጊቷ ራስ ከፊታቸው ከዜማው ጋር ሲወዛወዝ አይተው፣ ዘንጋቸውን በዚያው ምት ማውረድ ጀመሩ። እኔ ተነሣሁና ቀለበቱን በሚቀጥለው ምስማር ላይ ሰቀልኩት።