ልጅ አይዋሽም

ሸዋነሽ ልጇን ደሞዝን ወረታ ትምህርት ቤት ያስገባችው ከባሏ ጋር ክረምቱን ሙሉ ስትነታረክ ከርማ ነው። ባሏ በላቸው በቁሐር ሚካኤል የታወቀ ባለ ከብት ነበር። «ልጅ የሚቀጣው ወላጁ ነው፤ እኔ አለሁለት አይዶለም?» ይላል። የእሱን ቅጣት ግን ታውቀዋለች፤ ዱላ እንጂ ምክር የለበትም። ከተማ ግብረ ገብ የሚባል ትምህርት አለ ሲሏት፣ ሐሰት የማያውቅ ልጅ ሠርተው የሚመልሱላት መሰላት። ምን ታድርግ፣ እናት ናት።

ፎገራ ላይ ክረምት ርብ ሞልቶ ሜዳውን ይውጠዋል፤ ውሃው ሲሸሽ ደለሉ የወሰን ድንጋዩን ቀብሮት ይገኛል። ሽምብራ ሳይዘራ ሽማግሌዎች ወርደው ወሰኑን እንደገና ያበጃሉ። በደንቡ የሚጠየቀው አምና ከአራሹ ጋር ዘር ይዞ የዋለው ልጅ ነው። ልጅ አይዋሽም ብለው ነው።

በዚያ ዓመት በላቸው ቀድሞ ወርዶ ድንጋዩን አወጣና የጎረቤቱን የአማከለችን መሬት ቆርሶ ተከለው። አማከለች ባል የሞተባት ናት። አምና ዘር ይዞለት የዋለውን ልጁን «ድሮም እዚሁ ነበር ትላለህ» አለው። ሸዋነሽ ሰማች፤ አፏን ግን አልከፈተችም። እውነት መናገሩን የሚያስተምሩት አሉ ብላ ተወችው።

ሽማግሌዎቹ ሲጠይቁት ደሞዝ ተንቀጠቀጠ። «ድንጋዩ ከሾላው ትይዩ ነበር። ያነሣው አባቴ ነው» አለ።

«ጎሽ!» አሉት። መሬቱም ለአማከለች ተመለሰ። እነዚያው ሽማግሌዎች ግን ገና ቤታቸው ሳይደርሱ «አባቱን ያዋረደ ለማን ይሆናል?» ይባባሉ ጀመር። በላቸው አልመታውም፤ ቢመታው ይሻል ነበር። ከትምህርት ቤት አስወጥቶ ከከብት ኋላ ሰደደው፣ ቃልም ነፈገው።

ደሞዝ ጎረመሰ። ሸዋነሽ የአማከለችን ልጅ ልታጭለት ሽማግሌ ላከች። መሬቷን ያስመለሰላት እሱ አይደል? አማከለች ምን አለች መሰላችሁ፦ «ውለታውን አልረሳም፤ ግን ያየውን ሁሉ የሚናገር ሰው ቤቴ አላስገባም።» ኧረ ወዲያ! የሌሎቹም በር እንዲሁ ተዘጋ።

ሁለት ዓመት ቆይቶ የአማከለች ጊደር ተሰረቀች። እናትና ልጅ ከሐሙሲት ገበያ ሲመለሱ የጭቃ ሹሙ ልጅ ጊደሯን ሲነዳ በዓይናቸው አይተውታል። ሌባው እስኪታወቅ አገሩን ሁሉ የሚያስቀምጠው አውጫጭኝ ተጠራ። ተራው ሲደርስ ደሞዝ ተነሣ።

«አላየሁም አባቶቼ» አለ። ድምፁ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

ሸዋነሽ ከሴቶቹ መሐል ነበረች። «አይተናል!» ብላ ልትጮህ ትችል ነበር። ነገር ግን ልጇ ሚስት ማግኘት አለበት፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ዝም አለች። እንደዚያ ቀን ራሷን ጠልታ አታውቅም።

ቤት ሲገቡ በላቸው ከመደቡ ተነሥቶ ልጁን በሁለት እጁ ያዘው።

«አሁን ገና ሰው ሆንህ። ነገ ራሴ ሽማግሌ ሆኘ እሄድልሃለሁ» አለው።

ደሞዝ ጎንበስ ብሎ የአባቱን ጉልበት ሳመ።