ሦስተኛው ዘፋኝ

ትናንት ሰመራ ላይ የተሳፈርኩበት ባጃጅ በሄቪ ሜታል ጊታር ይንቀጠቀጥ ነበር። ባንዱን ወዲያው አወቅሁት። "ሦስት ዘፋኝ ነበራቸው አይደል?" አልኩት ሾፌሩን።

"ሁለት ብቻ ናቸው እህቴ፤ አልበሞቹ በሙሉ አሉኝ" አለ ኮራ ብሎ።

ሦስተኛውን ግን እኔ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ በጅቡቲው መንገድ ዲቾቶ ላይ፣ ናፍጣና የጋለ የላስቲክ ወንበር በሚሸተው የአባዬ ከባድ መኪና ውስጥ። አባዬና ጓደኛው ጋሽ አሊ የጅቡቲ መስመር ሾፌሮች ነበሩ፤ በተገናኙ ቁጥር በዚህ ባንድ ይከራከራሉ። አባዬ የመጀመሪያውን ዘፋኝ ይወዳል። ጋሽ አሊ ደግሞ "እሱ ይጮሃል እንጂ መቼ ይዘፍናል?" ይልና እሱ ከወጣ በኋላ ለገባው ይሟገታል።

የዚያን ቀን ነገሩ ከርሮ ሊኮራረፉ ደርሰው ነበር። አባዬ ከፊት መስታወቱ ሥር ፀሐይ ላይ የዋለውን የባንዱን ካሴት አንስቶ ቴፑ ውስጥ ከተተው። ድምፁ ወፍሮ፣ እየተጎተተ፣ ከጉድጓድ እንደሚወጣ ሆኖ መጣ። ሁለቱም ጆሯቸውን ወደ ቴፑ አስጠጉ።

"ወላሂ አዲስ ዘፋኝ አምጥተዋል!" አለ ጋሽ አሊ። "ይሄስ የአፋርን ፀሐይ የቻለ ድምፅ ነው።"

"ከሁለቱም ይበልጣል" አለ አባዬ። ተቃቅፈው ራሳቸውን ይነቀንቁ ጀመር።

ከባጃጁ ወርጄ አዋሽ ላለው አባዬ ደወልኩለት። "አባዬ፣ ሦስተኛ ዘፋኝ የለም እኮ! ካሴቱን ፀሐይ መትቶት ነው።"

"ያኔውኑ አውቄያለሁ" አለ እየሳቀ። "ለአሊ ግን እንዳትነግሪው፤ እስከ ዛሬ የተስማማነው በዚያ ዘፋኝ ብቻ ነው።"