የጎማው እጅ

የተያዝኩት የጎማ ጭንቅላት ቀለም ስቀባ ነው። ሥራዬ ለቴአትር ቤት ጭምብልና የመድረክ ዕቃ መሥራት ነበር፤ በዚያ ሰሞን ለአንድ ድራማ የተቆረጠ የንጉሥ ራስ እያዘጋጀሁ ነበር። ከመጡት ወታደሮች አንዱ ጭንቅላቱን ሲያይ ደንግጦ ወደ ኋላ አለ። አለቃው ግን «የየትኛው ንጉሥ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «የድርሰት ነው» አልኩት። መልሴ አልጣመውም። ጣቶቼ ላይ ያለው ቀይ ቀለም ሳይለቅ አቃቂ፣ ከባቡር ሐዲዱ አጠገብ፣ እስር ቤት ወደተደረገ የእህል መጋዘን ወሰዱኝ።

ውስጡ ገና የጤፍ አቧራ ይሸታል። መስኮት አልነበረውም፤ ቀን ከሌት የምትበራ አንዲት ቢጫ አምፖል ብቻ ነበረችን። ከጎኔ የሚተኛው ወጣት የሞጆ ልጅ ነው፤ ተማሪ። በምርመራ ጊዜ እጆቹን በገመድ አስረው ስላቆዩት ቀኝ እጁ ደም አጥቶ ሞተ፤ ሆስፒታል ወስደው ከአንጓው ላይ ቆርጠው መለሱት። ምግብ ሲመጣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ በግራው ይበላል። እናጉርስህ ብንለው እምቢ አለ።

እናቱ እሁድ እሁድ በባቡር ይመጣሉ። ቤተሰብ ከሽቦው ማዶ ቆሞ እስረኛውን በሩቁ ያየዋል እንጂ መነጋገር ክልክል ነው። ልጁ ግን እጁ ከተቆረጠ ወዲህ አልወጣም ብሏል።

«አንድ ልጇ ነኝ» አለኝ። «እንዲህ ሆኜ ካየችኝ አትተርፍም።»

«ካላየችህስ?»

በዚያ ዘመን ሽቦው ዘንድ ብቅ ያላለ እስረኛ እንደ ሞተ ነው የሚቆጠረው። እናቱ ባለፈው እሁድ ባቡሩ እስኪመለስ ቆመው እንደዋሉ፣ ሲሄዱም ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ እንዳዘቀዘቁ ሰው ነግሮታል።

«ጋሼ፣ እጅ ትሠራለህ?» አለኝ።

ክሊኒኩን የሚያጸዳ እስረኛ የሐኪም ጓንት አመጣልን። ከፍራሽ በወጣ ጥጥ ሞላሁት፤ ጣቶቹንም በቀጭን ሽቦ አጠፍ አጠፍ አደረግኳቸው። ጎማ ተራ ቀለም አይቀበልም፤ ሲታጠፍ ይሰነጠቅና ይላጣል። ቀለሙ ራሱ ጎማ ሊኖርበት ይገባል። ስለዚህ ጫማ ከሚሰፉት እስረኞች ማስቲሽ ለምኜ በቤንዚን አቀጠንኩት፤ የሸክላ ዱቄትና ጥላሸት ለወስኩበት። ግራ እጁን ጭኔ ላይ አስቀምጦልኝ እሱን እያየሁ፣ ስስ አድርጌ፣ ደጋግሜ ቀባሁ። በአምፖሏ ሥር ሁለቱን እጆች ጎን ለጎን ሲያያቸው ሳቀ። ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እሁድ የባቡሩ ጡሩንባ ተሰማ። እጁን በጨርቅ አስሬለት፣ እጅጌውን ጎትቼ ወጣን። ፀሐይ ላይ ሳየው ክው አልኩ። የቀባሁት በቢጫ አምፖል ነበር፤ በቀን ብርሃን እንደ ሸክላ ቀልቷል። መመለስ አይቻልም። እሱ ከፍ አድርጎ አወዛወዘላቸው። እናቱ ከሽቦው ማዶ እጁን አተኩረው አዩት፤ ከዚያ እልል አሉ። ዘበኛው ተቆጣቸው።

«አላወቀችም!» አለኝ ስንመለስ።

«አላወቁም» አልኩት።

በሚቀጥለው እሁድ እናቱ የላኩት ምሳ ዕቃ ሲከፈት እንጀራው እንደ ወትሮው አልነበረም። ከወጡ ጋር በጉርሻ በጉርሻ ተጠቅልሎ፣ ለአንድ እጅ ተሰናድቶ ተደርድሯል። ልጁ ረጅም ጊዜ አየው። እንባው ምግቡ ላይ ወረደ፤ እኔም አለቀስኩ። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ወደኛ ዞረ። አንዱን ጉርሻ አንስቶ ዘረጋልኝ።

«በግራ ነው፤ ይቅር በለኝ ጋሼ።»

«አጉርሰኝ» አልኩት።

እንዲያም ሆኖ የጎማውን እጅ እያሰረ መውጣቱን አልተወም። እናቱም ባዩት ቁጥር እልል ማለታቸውን አልተዉም። ሁለቱም ሆድ ይፍጀው ብለው ያዙት።

አንድ ጠዋት ስሙ ተጠራ። እጁን ሊያስር ሲል ጠሪው «አያስፈልግህም» አለው። ፍራሼ ላይ አስቀምጦልኝ ወጣ፤ አልተመለሰም። እሁድ የእናቱን ምሳ ዕቃ ሳይከፍቱ መለሱላቸው። «ሁለተኛ ስንቅ እንዳታመጪ» አላቸው ዘበኛው።

ስፈታ እጁን በልብሴ መሀል ጠቅልዬ በዚያው ባቡር ሞጆ ወረድኩ። እናቱ ጨርቁን ፈትተው አዩት። አላለቀሱም።

«አንተ ነህ የሠራኸው?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ቀልቶብሃል። ልጄ ጠይም ነው።» ከጎረቤት ጫማ ሰፊ ማስቲሽ አስመጡ። ከዚያ እጅጌያቸውን ሰብስበው ቀኝ እጃቸውን ጭኔ ላይ ዘረጉልኝ። «መልኩ ከኔ ነው። እኔን እያየህ አስተካክለው።»

ደጃፋቸው ላይ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጠን ቀባሁት። «ትንሽ ጠቆር አድርገው» ይሉኛል። ሲደርቅ በነጠላቸው ጠቅልለው ታቀፉት። የሚቀብሩት ሌላ ነገር አልሰጧቸውም።

ባቡሩ ከቀረ ቆየ፤ መጋዘኑም ፈርሶ የከባድ መኪና ማቆሚያ ሆኗል። እኔ አሁንም ጭምብል እቀባለሁ፤ ደጅ አውጥቼ በፀሐይ ሳላየው ግን ጨረስኩ አልልም። እጅ ሥራልን ሲሉኝ ሥራውን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ።