የምድጃ ተጠሪ ሆኜ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ርዕሰ መምህሩ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ሳይንስን ሰጡኝ፤ ቀጥለውም «የመምህራን ቤት የምድጃ ተጠሪም አንቺ ነሽ» አሉኝ። ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። «ከአንቺ በፊት የነበረውም የሳይንስ መምህር ነበር። ከተዛወረ ወዲህ ያነደደው የለም።»

ትምህርት ቤታችን ያለው ቸሃ ውስጥ፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው። እኔ ያደግሁት ወልቂጤ ነው። እኛ ቤት ሲሞቅ መስኮት ይከፈታል እንጂ ቤት የሚያሞቅ ሰው አይቼ አላውቅም።

ምድጃው ከበርሜል የተበየደ ነው። ከፊቱ እንጨት የሚገባበት በር፣ ከበሩ ሥር አየር የሚገባበት ትንሽ መዝጊያ፣ ከኋላው ጣሪያውን አልፎ የሚወጣ የጭስ ቱቦ አለው። በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥዬ ላስረዳችሁ እችላለሁ። ማንደድ ግን አልቻልኩበትም።

አብራኝ የምትኖረው መምህርት ሙና ናት፤ የቡታጅራ ልጅ፣ የአንደኛ ክፍል መምህርት። ከወሊድ ፈቃድ ሕፃን ልጇን ይዛ መመለሷ ነበር። ልጁ ያስላል። የጤና ባለሙያዋ «ይሙቀው፤ ጭስና የከሰል ማንደጃ ግን አይቅረበው» ብላታለች። ሙና ቁርጡን ነገረችኝ።

«እስከ አርብ ቤቱ ካልሞቀ እናቴ ጋ እገባለሁ። የልጄን ጤና አስይዤ አላስተምርም።»

ምትክ መምህር አልነበረም። ልጆቹም ገና ፊደል መለየት መጀመራቸው ነው።

በመጀመሪያው ምሽት ያገኘሁትን የባሕር ዛፍ እንጨት ከተትኩ። እርጥብ ነበር፤ እየተንጫጫ አረፋ አወጣ። በሩን ስዘጋው እሳቱ ይጠፋል፤ ስከፍተው ጭሱ ወደ እኛ ይመጣል። እሳት አየር እንደሚፈልግ አስተምራለሁ። ታዲያ በር ከፍቼ አየር ስሰጠው ለምን እኔኑ ያባርረኛል?

ሙና ልጇን በነጠላ ሸፍና በር ላይ ቆማ፣ «ቲቸር፣ እየሞቅን ነው እየታጠንን?» አለችኝ።

በማግስቱ ደረቅ ፍልጥ ገዛሁ። የቀዘቀዘ ቱቦ ጭስ እንደማይስብ ገምቼ፣ መጀመሪያ ገለባ አንድጄ ቱቦውን አሞቅሁት። ሳበ። ቤቱ ሞቀ፤ ሹራቤን አወለቅሁ። ሙና ልጇን ልታጠባ ወደ ክፍሏ ስትገባ፣ «ከመተኛትሽ በፊት አዳፍኚው» አለችኝ።

አንድ ጆግ ውኃ ቀድቼ ደፋሁበት።

ምድጃው ጮኸ። እንፋሎትና አመድ ቤቱን ሞላው። ሙና ልጇን ታቅፋ ሮጣ ወጣች።

«ምን አደረግሽው?»

«አዳፈንኩት።»

«በውኃ?»

«ታዲያ በምን? ስብሰባ ላይ ጉዳዩ ተዳፈነ ሲሉ ጠፋ ማለት አይደለም?»

«ማን ጠፋ አለሽ? የተዳፈነ ጉዳይ ሲቆሰቁሱት እንዴት እንደሚነድ አላየሽም? ያ ረቢ! ፍሙን አመድ አልብሺው ነው ያልኩሽ፣ ጠዋት እንድናገኘው!»

ልጁ እያሳለ ነበር። ሙና የልጁን ልብሶች እያጠፈች ሻንጣ ውስጥ መክተት ጀመረች። እኔ የተበተነውን አመድ መጥረግ ያዝኩ።

ሐሙስ ምሽት ደግሜ አነደድኩ። ፍሙን ሰብስቤ አመድ አለበስኩት። አሁን ደግሞ ሌላ ክርክር መጣ።

«ቱቦውንም ወትፊው» አለች ሙና፤ «ሙቀቱ በከንቱ ይወጣል።»

«አይሆንም። የተዘጋ ቤት ውስጥ ፍም የማይታይ፣ የማይሸት መርዝ ያወጣል።»

«አያቴ ቤት እሳቱ ሁልጊዜ ተዳፍኖ ያድር ነበር። ማን ሞተ?»

«የአያትሽ ቤት በሣር ክዳኑ ይተነፍሳል። ይሄ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ነው።»

«ታዲያ አዳፍኚ ነው የምልሽ አታዳፍኚ?»

እኔም አላወቅሁም። ካልተሸፈነ ነዶ ያልቃል፤ ከታፈነ ይጎዳናል። በመጨረሻ አመዱን አወፈርኩት፣ የታችኛውን መዝጊያ በጥቂቱ ገርበብ አድርጌ ተውኩት፣ ቱቦውን ግን አልነካሁትም። መሥራቱን እንደማላውቅ ለሙና ነገርኳት።

«ጠዋት እናየዋለን» አለች። ሻንጣዋ በር ሥር ቆሟል።

አርብ ጠዋት ስነሳ ሙና ምድጃው ፊት ተንበርክካ አገኘኋት። አመዱን በእንጨት ገለጥ አደረገችው። ግራጫ ነው። ዝቅ ብላ ጫረችው፤ አሁንም ግራጫ። ከሥር ቀይ ብቅ አለ። ጭራሮ ጣል አድርጋ እፍ አለችበት፤ ያዘ።

«አልሐምዱሊላህ» አለች። ከዚያ መዳፏን ወደ ግድግዳው ዘርግታ፣ «ሞቋል አይባልም። ለብ ብሏል» አለች።

«ለልጁ ለብታው ይበቃዋል?»

«ሳይነቃ አድሯል።»

ሻንጣዋን ከፈተች። የልጁን ልብሶች አውጥታ መለሰች፤ ከዚያ ያጠበቻቸውን ጨርቆቹን ከምድጃው ራቅ ባለው ገመድ ላይ ማስጣት ጀመረች። ደወል ሲደወል ልጇን አዝላ፣ ጠመኔዋን ይዛ ወደ ተማሪዎቿ ሄደች።

ለአዲስ ተመዳቢዎች የምለው ይህን ነው። ደረቅ እንጨት ተጠቀሙ። እሳት የሚዳፈነው በአመድ ነው፤ የጭስ ቱቦ አይዘጋም። ሥራ የሚያሳያችሁ ሰው የተናገረው ቃል የገባችሁ ቢመስላችሁም፣ አንድ ጊዜ በእጁ ሠርቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።