ሁለት እጅ የምትፈልገው ፒክአፕ

ቬርሊን ታኬት ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የዳፊልድ ከተማን ሰው መኪና ስትጠግን ኖራለች። ቴክሳስ ውስጥ ሴት መካኒክ ሲያዩ የሚስቁ ወንዶች ሞልተዋል፤ እሷም የሳቀባትን ሰው መኪና ከሁሉ መጨረሻ ነው የምታየው። ቂም ትይዛለች፤ ሥራ ግን አታበላሽም።

ባሏ ሮይስ ከፈረስ ወድቆ ትከሻው የተጎዳ ጊዜ፣ ከአባቱ የወረሳትን የ1964 ሞዴል ፒክአፕ መንዳት አቅቶት ነበር። መሪዋ ከባድ ነው፣ በተለይ ቀስ ሲሉ። ቬርሊን ሦስት ቅዳሜ ከሥሯ ተኝታ መሪ የሚያቀለውን ፓወር ስቲሪንግ ገጠመችለት። ከዚያ ወዲህ ሮይስ በአንድ መዳፍ እየነዳ፣ በሌላው እጁ መሐል ወንበር ላይ የተጠጋችውን ሚስቱን አቅፎ መሄድ ለመደ። ላገኘው ሰው ሁሉ ከመሪው ላይ አንድ ጣቱን ብድግ ያደርጋል። የዳፊልድ ሰው መንገድ ላይ ሰላም የሚባባለው እንደዚያ ነው፤ ጣቱን ያላነሳ ሰው ዓመት ይታማል።

ባለፈው ጥቅምት ግን መሐል ወንበሩ ላይ ሌላ ሴት ተገኘች፤ ፀጉር ሠሪዋ ዳርላ። ቬርሊን ጋራዡ በር ላይ ቆማ ተቃቅፈው ሲያልፉ አየቻቸው። ሮይስ አላፈረም፤ ጭራሽ ጣቱን አነሳላት። እሷው በገጠመችለት መሪ!

ሲለያዩ ፒክአፗ ቬርሊን ጋ ቀርታ ነበር። ፍቺው ላይ ሮይስ በሐምሌው የሮዲዮ ፈረሰኞች በዓል ሰልፍ ምንም ሳይነካካ ለቆየ አሮጌ መኪና የሚሰጠውን ዋንጫ ጎምጅቶ፣ «መኪናዬን ስንጋባ እንደነበረች ትመልስልኝ፤ ሬዲዮዋን፣ የጎማ ክዳኖቿን፣ ሁሉንም!» አለ። ዳኛው እንዳለው ጻፉለት። ቬርሊን ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብባ በልቧ ሳቀች።

በማግስቱ የተጣሉ መኪኖች ግቢ ያላቸው አዛውንት ኦዴል ጋ ሄደች።

«የስድሳ አራት ማኑዋል የመሪ ሳጥን አለዎት?»

«ሰው ሁሉ ወደ ፓወር ይቀይራል፣ አንቺ ወደ ኋላ ትሄጃለሽ? ጤና የለሽም እንዴ ልጄ?»

«ፍርድ ቤት አዞኝ ነው።»

ሽማግሌው ገባቸው። «ትከሻውስ?»

«እሷን ለማቀፍ መቼ አቃተው?»

«አንቺስ ጉድ ነሽ! ፍሬኑን ግን እንዳትነኪ።»

«እንዲሞትማ አልፈልግም። ኖሮ እንዲያልበው ነው።»

የፓወሩን ፓምፕ፣ ቱቦዎቹንና ቺንጋውን አወጣች፤ ዘይቱን አፈሰሰች። ከኦዴል ያመጣችውን አሮጌ ሳጥን ፈታትታ አጠበች፣ ቀባች፣ ገጠመች። እያንዳንዱን ብሎን ሁለቴ አጠበቀች። ከዚያ ራሷ አውራ ጎዳናው ላይ ነድታ ሞከረቻት፤ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ግቢዋ ውስጥ ቀስ ብላ ልታዞራት ስትሞክር ግን በሁለት እጇ መታገል ነበረባት። ደስ አላት።

በሰልፉ ጠዋት ሮይስ ዳርላን አስከትሎ መጣ። ቬርሊን መኪናዋን አፍንጫዋን ወደ መንገዱ አድርጋ አቁማታለች። ሬዲዮውን ነካካ፣ የጎማ ክዳኖቹን ቆጠረ፤ የሞተሩን ክዳን ከፍቶ ማየት ግን ትዝ አላለውም።

«እንደነበረች ናት?»

«እንዳልከው ነች» አለችው።

መንገዱ እስከ ከተማው ድረስ ቀጥ ያለ ነው። ሮይስ ዳርላን አቅፎ ሄደ።

ቬርሊን እንደየዓመቱ፣ በሰልፉ መሐል ለሚበላሽ መኪና ብላ፣ መጎተቻ መኪናዋን ይዛ ሰልፉ በሚዞረው የፍርድ ቤት አደባባይ የመጀመሪያው ማዕዘን ላይ ቆመች። የከተማው ሰው ግራና ቀኝ ተደርድሯል። ሮይስ እየተንፏቀቀ ደረሰ፤ መሪውን እንደ ልማዱ በመዳፉ ገፋው። ንቅንቅ አላለም። ፒክአፗ ሰልፉን ወደሚያጅቡት ሙዚቀኞች ስታመራ ፍሬን ረግጦ አቆማት። እጁን ከዳርላ ትከሻ ነጥቆ መሪውን በሁለት እጁ ጨበጠ።

«ዞር በይ እስቲ! ቦታ ስጪኝ!» ብሎ ጮኸ። ክርኑ ባርኔጣዋን አወለቀው።

«ምን ሆነሃል አንተ? ሰው ፊት?» ብላ ተንሸራታ በሩን ተጠጋች። መሐሉ ባዶ ቀረ።

ሕዝቡ ጣቱን እያነሳ ሰላም ይለዋል፤ እሱ ለማንም መመለስ አልቻለም። ፊቱ ቀልቶ፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ኢንች በኢንች ያዞራል። «ምነው ሮይስ፣ ኮራህብን!» አለው አንዱ።

ቬርሊን መጎተቻዋ ውስጥ ሆና አንጀቷ ራሰ። ልክ ፊት ለፊቷ ሲደርስ ከመሪዋ ላይ አንድ ጣቷን ብድግ አደረገች። ሮይስ አያት። ሁለቱም እጆቹ መሪው ላይ ነበሩ፤ ገና የአደባባዩ ሦስት ማዕዘኖች ይቀሩታል።