ቃሪያ ያለበት ጉርሻ

ደባርቅ፣ በእኛ ሰፈር፣ ከአንድ መሶብ መብላት ቅዱስ ነገር ነው። መሶቡን ከበው የሚቀመጡት ግን ያው የምናውቃቸው ሰዎች ናቸው።

በዚያ ወር የማርያም ማኅበር ተራው የእናቴ ነበር። ለጠላው ያሰጣችውን ብቅል የጎረቤታችን በግ ገብቶ ሙልጭ አድርጎ በላው። እናቴ ካሳ አልጠየቀችም፤ ይቅርታ መባል ብቻ ነበር የፈለገችው። ጎረቤታችን ግን በጉ ከሰው ቀድሞ ማርያምን ዘከረ እንጂ ምን አጠፋ እያለች በሰፈሩ አሳቀችባት። ከዚያ ወዲያ ቧንቧ ጋ ስንገናኝ እንኳ ፊት ማዞር ሆነ።

ችግሩ፣ የሚቀጥለው ወር ተረኛ እሷው ነበረች። ጽዋው ከእናቴ እጅ ወደ እሷ እጅ ማለፍ አለበት፤ የተጣላ ደግሞ ጽዋ አይቀባበልም። እናቴ በእኔ ምክንያት ማኅበሩ ሊቋረጥ ነው ብላ እንቅልፍ አጣች።

ቀኑ ደረሰ። ቄሱ ዳቦውን ከመቁረሳቸው በፊት፣ አብሮ መብላት አንድ አካል መሆን ነው፣ ቂም ይዞ የሚቆርስ ሆዱን እንጂ ነፍሱን አይመግብም እያሉ አስተማሩ። ዓይናቸው ግን ከዳቦው አልተነቀለም። ሴቶቹም ርቦናል ማለት ነውር ስለሆነ፣ ስለ እመቤታችን ታረቁ እያሉ ሁለቱን ወተወቷቸው።

"በይ ልጄ፣ አጉርሻትና ይለቅ" አሉ ቄሱ።

እናቴ ጠቀለለች። አጠገቧ ስለነበርኩ ቃሪያውን ከነፍሬው ስትሸጉጥበት አይቻለሁ።

"እንቺ እህቴ፣ በሞቴ" ብላ ቡጢ የሚያህል ጉርሻ አጎረሰቻት።

የጎረቤታችን ዓይን በእንባ ሞላ። ቄሱ ደስ ብሏቸው፣ "አያችሁ፣ ንስሐ ማለት ይኼ ነው" አሉ። ሴቶቹ እልል አሉ። ጎረቤታችን ትንፍሽ ሳትል ዋጠች፤ ከዚያ በተራዋ ቃሪያ እየመረጠች ጠቀለለች። አሁን የእናቴ ፊት ቲማቲም መሰለ። እንባቸውን እየጠረጉ ተያዩ፤ መጀመሪያ ጎረቤታችን ሳቋ አመለጣት፣ እናቴ ተከተለች።

"በጌ አጥፍቷል፤ ይቅር በይኝ" አለች ጎረቤታችን ትንፋሿ እየተቃጠለ።

ጽዋው ተላለፈ። ቄሱ ስብከታቸው ሁለት ሴቶች እንዳስለቀሰ ዛሬም ያወራሉ፤ ቃሪያውን የሚያነሳ የለም።

በወሩ ጎረቤታችን ያንኑ በግ አረደች። እናቴም የእኔ ብቅል ነው ያሰባው እያለች ሁለቴ አስጨመረች።