ወንድ የጠፋበት ጥዋት

የበረዶ ወራት ጸጥተኛ ነው የሚል ሰው ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ አያውቅም። እኔ ቁጭ ብያለሁ። በፈረንጆች አዲስ ዓመት ጥዋት፣ ፈረንጅ አገር በምንኖርባት ዋይትሆል ካለው አፓርታማችን ጀርባ ወደሚያልፈው ወንዝ እወርድና አንድ የወደቀ ግንድ ላይ ተቀምጬ ዝም ብዬ አያለሁ። ልማዱን ያስያዘችኝ በጎልማሳነቴ ትምህርት ቤት ስገባ ያገኘኋት የባዮሎጂ መምህር ናት። «ያያችሁትን ብቻ ጻፉ፤ የተሰማችሁን አይደለም» ትለን ነበር። አብረውኝ የሚማሩት ልጆች ትምህርቱን ስልካቸውን እያዩ ጨረሱት፤ እኔ ወደድኩት። አዲስ ዓመታችን መስከረም መሆኑን አልረሳሁም። ዓመት ሲለወጥ ለማየት ግን ሁሉም ነገር የሞት ሽረት ላይ ያለበት ይህ ጥዋት ይሻላል።

ኮሮና በገባ በዓመቱ፣ በ2021 የመጀመሪያ ጥዋት፣ ከበላዬ የሚኖሩት ጎረቤቴ እትዬ አብረውኝ ወረዱ። ቤት መዋል ሰልችቷቸዋል። ቀኑ ጊዮርጊስ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ ያን ሰሞን ሰው የሚያስገባው እየመረጠ ነበር።

«እዚያ ወንዝ ዳር ምን አለ?» አሉኝ።

«ምንም። ማየት ነው።»

«አይ አንቺ! ለዚህ ነው በስተርጅና የተማርሽው?»

ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ እንደወረደ በረዶ ሆኖ ቅርንጫፉን ሁሉ በመስተዋት ለብጦታል። ክብደቱን ያልቻለው ይሰበራል፤ ሲሰበርም ጥይት ነው፤ የሰፈሩ ሰው ለአዲስ ዓመት ሲተኩስ ያደረው ገና ያላለቀ ይመስላል። እትዬ በየድምፁ ያማትባሉ። ከወንዙ ማዶ ጭልፊት አንዲት ትንሽ ወፍ መሬት ላይ ተጭና ትነጫታለች። ወፏ አልሞተችም፤ ላባዋ ሲበተን አንዱ ክንፏ ይንፈራገጣል።

«አባሪያት እንጂ!»

«እሷስ ምን ትብላ?»

«አንጀትሽ ድንጋይ ነው» አሉኝ።

ይህን እንዳሉ ከድልድዩ ላይ ፍሬን ጮኸ። አንድ ነገር ድም አለ፤ መኪናው ሳይቆም ሄደ። አጋዘኗ ቁልቁለቱን ተንከባልላ መጥታ ከፊታችን ወደቀች። ሁለቱም የኋላ እግሮቿ ተሰብረዋል፤ የአንዱ አጥንት ቆዳውን ቀዶ ወጥቷል። በፊት እግሮቿ ልትነሳ ትሞክራለች፣ ትወድቃለች፣ ደግሞ ትሞክራለች። አጋዘን እንደሚጮህ አላውቅም ነበር። እንደ ፍየል ነው የሚጮኸው።

ቁራዎች መጡ። አንዱ ከጭንቅላቷ አጠገብ አርፎ ዓይኗን መመልከት ጀመረ። እንጨት ወረወርኩበት፤ ፈቅ አለና ተመለሰ።

«ትታረድና ትገላገል» አሉ እትዬ። «ወንድ ጥሪ።»

ነገሩ ለእኔም እንግዳ አልነበረም። እናቴ ዶሮ ታቅፋ በር ላይ ቆማ አላፊ ወንድ ስትጠብቅ እያየሁ ነው ያደግሁት፤ ሰካራምም ይሁን፣ ወንድ ከሆነ ይበቃል። ሴት አታርድም፤ ለምን ተብሎም አይጠየቅም። ስለዚህ ወንድ ፍለጋ ገባን።

እትዬ ልጃቸው ጋ ደወሉ። ሪከንባከር፣ የጭነት አውሮፕላን ማረፊያው፣ ሲሠራ አድሮ መግባቱ ነበር።

«ማም፣ አይ ጀስት ጋት ሆም። ኮል ዘ ሲቲ።»

«ቢላዋ ይዘህ ና ነው የምልህ!»

«ማም፣ ዋት?» ዘጋው።

እኔ የከተማው ማዘጋጃ ቤት ጋ ደወልኩ፤ ሙዚቃ ያሰማኝ ጀመር።

«ፖሊስ ልጥራ?»

«ኧረ ባክሽ! ደም ላይ ቆመን አግኝተው እኛን ይድፉን እንዴ?»

የበረዶ ማቅለጫ ጨው በተበተነበት የእግር መንገድ አንድ ፈረንጅ በቁምጣ እየሮጠ መጣ። እትዬ እጃቸውን እያወናጨፉ «ሄልፕ! ናይፍ! ናይፍ!» ብለው ጮኹ። ሰውዬው ባለበት ዞሮ፣ ከመጣበት ፍጥነት በበለጠ ተመለሰ።

«ናይፍ ባይሉት ኖሮ...»

«ተይው! በዚህ ብርድ በቁምጣ የሚሮጥ ድሮስ ወንድ ነው?»

በዚህ መሃል ጀርባችንን ሰጥተናት ነበር። ስዞር የግራ ዓይኗ የለም። ቁራው አፉን በረዶው ላይ ይጠርጋል። እሷ ግን አሁንም ትተነፍሳለች።

ቤቴ ሮጬ የሽንኩርት ቢላዋዬን ይዤ ተመለስኩ። እትዬ መንገዴ ላይ ቆሙ።

«አንቺ ልጅ፣ አብደሻል?»

«ዘወር ይበሉልኝ።»

«በጊዮርጊስ ቀን! ሴት!»

«ጊዮርጊስን እኔ አነጋግረዋለሁ። እርስዎ ጭንቅላቷን ይያዙልኝ።»

አልያዙም። አንገቷን በጉልበቴ ተጫንኩ፤ ሙቀቷ ሱሪዬን አልፎ ተሰማኝ። በስመ አብ ልል ስል ከኋላዬ «አትበዪ! የሚበላ አይደል፤ ጾም ነው!» አሉ። እኔ ግን አልኩ። መጀመሪያ የቆረጥኩት ጸጉሯን ብቻ ነበር፤ ቢላዋው ዱልዱም ነው። እንደ መጋዝ ሳብኩት። ጮኸች፤ በፊት እግሯ ደረቴን መታችኝ። ደግሜ ሳብኩ፣ ደግሜ። ከዚያ ደሙ ባንዴ ወጣ፤ ፊቴ ላይ፣ አፌ ውስጥ። በረዶው እየጨሰ ቀለጠ። የቀረው ዓይኗ እስኪፈዝ ከላይዋ አልተነሳሁም። መምህሬ እንዳለችው ያየሁትን ብቻ ልጻፍ፦ ማዶ ያለችው ጭልፊት መብላቷን አላቋረጠችም።

እትዬ እስከ ቤት ከፊቴ ራቅ ብለው ሄዱ። ደረጃው ላይ «ታጠቢ» አሉኝና ወጡ። በማግስቱ ሽሮ ሠርቼ ብወስድላቸው በሩን ገርበብ አድርገው «ጠግቤአለሁ» አሉ። ከእጄ መብላት ተጸየፉ። እኔም ወንዙ ዳር እየወረድኩ አጋዘኗን አያት ጀመር። መጀመሪያ ሆዷ ተቀደደ፤ ቀጥሎ አንድ ጭኗ ጠፋ፤ ከዚያ የጎድን አጥንቶቿ ውስጥ ትናንሽ ወፎች ገብተው ስብ ይለቅሙ ነበር።

በገና ዋዜማ በሬ ተንኳኳ። እትዬ ካርቶን ታቅፈው ቆመዋል፤ ካርቶኑ ውስጥ አንድ ነገር ይንፈራገጣል። ከከተማ ውጭ ካለ ፋርም ያስመጧት ዶሮ ናት።

«ልጄ ሥራ ገብቷል» አሉ ፊቴን ሳያዩ።

«ሌላ ወንድ ልፈልግልዎት?»

«ተይ። ወንድ ስንፈልግ አይደል የዚያች ዓይን የጠፋው?» ካርቶኑን መታጠቢያ ቤት ወስደው አስቀመጡ። «እኔ በእጄ አላደርገውም። አንቺ ግን አንዴ ጀምረሽዋል።»

ቢላዋዬን ላመጣ ስል ከጋቢያቸው ሥር በፎጣ የተጠቀለለ አወጡ። አዲስ ተስሏል፤ ስለቱ ያብረቀርቃል።

«ያንቺ ዱልዱም ነው» አሉኝ። «ይቺን እንኳ አታሰቃዪያት።»

ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ እግሮቿን ያዙልኝ።